የሱፍ ኮፍያ በጅዳ

ማጣሪያው ላይ የቀረውን ቅጠል ያየሁት ከትምህርት ቤት ተመልሼ ዕቃ ላጥብ ስል ነው። አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ ለስለስ የሚል ቅጠል ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ በዚያ ማንቆርቆሪያ ያፈላሁት አብሽ ነው። አብሽ ደግሞ ፍሬ እንጂ ቅጠሉ አይፈላም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ካልሆነ ለእኔም አይገባኝም።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። የምንኖረው ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበዛ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ባሏ መካ፣ ኩዳይ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሆቴል በር ላይ የተጓዦችን ሻንጣ ያወርዳል፣ ይጭናል። የሚያድረውም እዚያው ከወሎ ልጆች ጋር ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ሥራ ሲላላ ነው። እኔ የሀበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ታችኞቹን ክፍሎች አስተምራለሁ። እህቴ ከመውለዷ በፊት ጃሚዓ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ትሠራና እዚያው ታድር ነበር። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በዚያ ቤት ስም ስለሆነ፣ ማዳሟ «ውለጂ፣ በርቺ፣ ተመለሽ» ብላ ነው የሸኘቻት።

አብሹ የእኔ ሐሳብ ነው። ዓረቦቹም ሒልባ ብለው ለአራስ ያጠጡታል። ወተት ይጨምራል ይባላል፤ ባይጨምር እንኳ የሚያጠባ ሰው ሞቅ ያለ ነገር መጠጣቱ አይጎዳም ብዬ በየማለዳው አፈላለሁ። ታዲያ ይሄ ቅጠል ከየት መጣ?

በማግስቱ ትንሽ በሶፍት ጠቅልዬ ወሰድኩና ጅዳ ተወልዳ ላደገች የሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት። አሸተተችው።

«ሜራሚያ ነው። ለሆድ ይጠጣል። ግን ለምታጠባ ሴት፣ ላ ላ! አክስቴ ልጇን ጡት ስታስጥል ይሄን ነበር የምትጠጣው። ያደርቃል።»

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። አእምሮዬ አንድ ሰው ላይ ተተክሎ ነበር፤ ጎረቤታችን ላይ።

ጎረቤታችንን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። ጅዳ ውስጥ የኖሩበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ግድግዳ ተጋርተን ስለምንኖር የእነሱ ቴሌቪዥን የእኛም ቴሌቪዥን ነው። እህቴ ስትወልድ ገንፎ ያገነፉት፣ ሻሽ ያሰሩላት፣ ልጅቷን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ይሄን አልክድም። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወተት ነገር ተጋጭተናል። ሆስፒታል እያለን የመጀመሪያውን ወፍራም ቢጫ ወተት አይተው «ይሄ እንገር ነው፤ ታልቦ ይደፋ፤ ሆዷን ይቆርጣታል» አሉ። እኔ ደግሞ እንገር ማለት የልጅ የመጀመሪያ ክትባት እንደሆነ፣ አንድ ጠብታም ቢሆን እንደማይጣል አስረዳሁ። ነርሷ በበኩሏ ለልጅቷ ጡጦ ይዛ መጣች። ለእሷም አስረዳሁ፤ በዓረብኛ፣ በእጄም ጭምር።

እህቴ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለች ሳቀች። «ቲቸር፣ ሰሌዳ ላስመጣልሽ?»

ሳቀች እንጂ አጠባች። ልጅቷም እንደሚገባ ጠባች። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ጉንጯ ሞላ፣ እጇ ላይ ክር የታሰረበት የሚመስል እጥፋት አወጣች። እቴቴ ራሳቸው «ማሻአላህ» እያሉ ሰው ዓይን እንዳያስገባባት ፊቷን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር።

ከዚያ አንድ ሳምንት ሳይታሰብ ነገሩ ተቀየረ። እህቴ «ኤሲው ጡቴን መታው፤ ወተቴ ቀነሰ» አለች። ኤሲው ወደ አልጋው እንዳይነፍስ ካርቶን ቆርጬ ለጠፍኩበት። በሌላ ቀን «ወተቴ ቀጠነ፤ ውሃ ሆኗል» አለች። ሲጀመር ቀጭን ሆኖ እንደሚመጣ፣ ልጁ እየጠባ ሲቆይ እንደሚወፍር፣ ስለዚህ ቶሎ ማስለቀቅ እንደማይገባ ነገርኳት። ሰማችኝ። እንደማትሰማኝ አድርጋ ሰማችኝ። ተማሪዎቼ አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው፣ መልሱን ግን አስቀድመው ወስነዋል።

ብዙም ሳይቆይ ፍሪጁ ላይ የጣሳ ወተት ተቀመጠ። ከመካ የላከው ባሏ ነው።

«ማን ጠየቀው?» አልኩ።

«አባቷ አይደል? አባት ለልጁ ወተት ለመላክ ማመልከቻ ይጽፋል እንዴ?»

ስለዚህ ቅጠሉን ባየሁበት ጊዜ ሁለት ተጠርጣሪዎች ነበሩኝ። አንደኛው የእህቴ ባል፤ የጣሳ ወተት መግዛት የሀብታም ምልክት ስለሚመስለው፣ ጣሳውን ፎቶ አንስቶ ለዘመዶቹ ልኳል። ሁለተኛዋ እቴቴ፤ በእንገሩ ነገር ስለተሸነፉ ቂም ይዘዋል። እህቴን አልጠረጠርኩም። ወተቱ የእሷ፣ ልጅቷም የእሷ፤ እሷ ተበዳይ እንጂ ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች?

እቴቴን ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና ሶፍቱን ዘረጋሁ።

«እቴቴ፣ ይሄ ከእርስዎ ቤት ነው የመጣው?»

አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ለሆድ ነው ልጄ። ሆዷን ነፋኝ ብትል ነው።»

«ወተት እንደሚያደርቅ ያውቃሉ?»

«ስንቱን አውቃለሁ» አሉና የገዙትን ቲማቲም ይዘው ደረጃውን ወጡ። ከላይ ሆነው ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ አስተማሪ መሆንሽን ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል፤ ድምፅሽን ቀንሽ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንቆርቆሪያ ጦርነት ገባን። ጠዋት አብሽ አፍልቼ፣ እህቴ ስትጠጣ ቆሜ አይቼ እወጣለሁ። ስመለስ ማጣሪያው ላይ ቅጠል ይጠብቀኛል። ማጣሪያውን ደበቅኩ፤ በሻሽ አጣሩት። የሜራሚያውን ከረጢት አግኝቼ ጣልኩ፤ ሌላ መጣ። እህቴ ሁለቱንም ትጠጣለች። ለእኔ «እንዴት ይጣፍጣል» ትላለች፤ ለእሳቸውም እንደዚያው ሳትል አትቀርም።

መጠርጠር መጥፎ ልማድ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት ዓይን ያበዛል። ቀድሞ የማላያቸውን ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

ልጅቷ ጡጦ ስትጠጣ እህቴ ራሷ አትይዛትም። ለእቴቴ ትሰጣለች፤ ወይም ለእቴቴ ልጅ፤ አንድ ቀን ምድር ቤት ላለችው ለሱዳናዊቷ ሴትዮ ሳይቀር ሰጠቻት። እሷ ወጥ ቤት ገብታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቆማለች። ልጅቷ ስታለቅስ ትሰማለች፣ ግን አትወጣም። ልቅሶው ሲቆም ብቻ ትወጣና «ጠጣች?» ትላለች። «ጠጣች» ሲሏት ደስ ያላት አይመስልም፤ ያዘነችም አይመስልም። ፈተና ያረመች ሰው ትመስላለች።

ሌላው ደግሞ ስልኩ ነው። እናታችን ከአገር ቤት የምትልከውን የድምፅ መልእክት እህቴ ለራሷ አንዴ ከሰማች በኋላ ስልኩን የልጅቷ ጆሮ አጠገብ አድርጋ ደጋግማ ታሰማታለች። የእናታችን ድምፅ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ የኔ እናት» ይላል፤ ያልቅና እንደገና ይጀምራል። ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ እናታችን ያለች እስኪመስል ድረስ።

«ሰለቸን እኮ፣ እታለም» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺን ሰለቸሽ። እሷ ትወደዋለች።»

ከዚያ ኮፍያው መጣ። የትራስ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ከታች፣ ከአባያዋ ሥር፣ የሱፍ ኮፍያ አገኘሁ። ጆሮ የሚሸፍን፣ አገጭ ሥር የሚታሰር፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነሳለት። አብሮት ወፍራም ካልሲ ነበር። የጅዳን አየር የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳ፦ እዚህ ልብስ አስጥተው ሳይጨርሱ ይደርቃል፤ የውጭ በር እጀታ በቀትር በጨርቅ ነው የሚያዘው። የሱፍ ኮፍያ የሚሸጥበትን ሱቅ ማግኘት ራሱ ልፋት ነው። ደግሞ ሰፊ ነው። ለልጅቷ ራስ ሳይሆን፣ ልጅቷ ስታድግ ለሚኖራት ራስ የተገዛ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እህቴ ከእጄ ወሰደችው። «ኤሲው ይበርዳታል።»

«ኤሲውን እኮ በካርቶን ዘግቼዋለሁ።»

«ካርቶንሽ ወደቀ» አለች። ካርቶኑ አልወደቀም ነበር፤ ሁለታችንም ቀና ብለን አየነው። እሷ መልሳ ኮፍያውን ከአባያዋ ሥር አስገባችው።

ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ሴቶች ጋር ለዑምራ መካ ሄድኩ። ዑምራዬን ከጨረስኩ በኋላ ለእህቴ ባል ምግብ ላደርስ ብዬ ኩዳይ ወረድኩ። ምግቡ እውነት ነው፤ ግን ዋናው ዓላማዬ እሱን መመርመር ነበር። ጋሼ ነው የምለው፤ ከእህቴ ስለሚበልጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ሲቆጣው እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ስለሆነ ነው። አውቶቡሶች በተደረደሩበት፣ የሆቴሉ በር አጠገብ ባለ ጥላ ሥር አገኘሁት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት። ጋሼ፣ የጣሳ ወተቱን ለምን ላክህ? እህቴ ወተት አላት እኮ። ልጅ ጡጦ ሲለምድ ጡት ይጠላል፤ ካልጠባ ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። ወተት የሚመጣው በመጥባት ነው። እንደ—»

«ገባኝ፣ ገባኝ።» የምግቡን ዕቃ ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ። ዓይኑን ከአውቶቡሶቹ ላይ ሳያነሳ ጠየቀኝ። «ጡጦውን ከማንም ሰው እጅ ትጠጣለች?»

«እንዴት ከማንም?»

«ማለቴ... እናቷ ካልሆነችስ? ከማታውቀው ሰው?»

«ከሱዳናዊቷም ጠጥታለች።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ። ቃሉን እንዳለው ግን ፊቱ ጠቆረብኝ። እኔ ሌላ ጥያቄ ሳልጨምር አንድ አውቶቡስ ገባና «ያላ! ያላ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምግቡን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደ ሻንጣዎቹ ሮጠ።

ወደ ጅዳ ስመለስ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነገሮቹን አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። ከማንም እጅ የሚጠጣ ጡጦ። የእናታችን ድምፅ። ብርድ አገር የሚሆን ኮፍያ፣ ለትልቅ ራስ። ወተት የሚያደርቅ ቅጠል። እናታችን በምትኖርበት የወሎ ደጋ ጠዋት ጠዋት ሲናገሩ ከአፍ ጭስ ይወጣል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መብራት ሁሉ በርቷል፤ እኔ ግን መስኮቱ ውስጥ የራሴን ፊት እያየሁ «አይሆንም፣ አይሆንም» እላለሁ።

ስደርስ እህቴና እቴቴ ወጥ ቤት ነበሩ። ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ነው። ልጅቷ የእቴቴ ጭን ላይ ተኝታለች።

«ልትልኪያት ነው» አልኩ።

ማናቸውም «ማንን?» ብለው አልጠየቁኝም።

«ማን ነገረሽ?» አለች እህቴ።

«ኮፍያው።»

እህቴ ማንቆርቆሪያውን አውርዳ እሳቱን አጠፋች። ዝም ብትል ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን በተራዬ ላስተምርሽ ያለች ይመስል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ማዳሟ እዚያው አድራ እንድትሠራ ትፈልጋለች። ካልተመለሰች ኢቃማዋ አይታደስም። ልጅ ይዛ እዚያ ቤት መግባት አይታሰብም። ባሏ የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ስድስት ወንድ አለ። አንዲት የወሎ ሴት ወሩ ሲያልቅ ወደ አገር ትገባለች፤ ልጅቷን ይዛ ለእናታችን ልታደርስ ተስማምታለች።

«ጡት የለመደች ልጅ ይዛ እንዴት ትጓዝ? ስታለቅስ ምን ታድርጋት? ስለዚህ አስለመድኳት። ከማንም እጅ እንድትጠጣ አስለመድኳት። የእናቴን ድምፅ አስለመድኳት። አንቺ ብቻ ነሽ አልለምድ ያልሽው።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታስረጂኛለሻ! ወተት ለልጅ ምን እንደሚጠቅም ቁጭ አድርገሽ ታስረጂኛለሽ። የማላውቀው ይመስልሻል?»

ወደ እቴቴ ዞርኩ፤ የተረፈኝ ቁጣ እሳቸው ላይ ነበር።

«እርስዎስ ቅጠሉን ለምን ይሰጧታል?»

እቴቴ የተኛችውን ልጅ እግር በመዳፋቸው ይዘው ነበር የመለሱልኝ። «ትልቋን ልጄን ወደ አገር ስልካት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ጡቴ ሞልቶ ነው ኤርፖርት የሄድኩት። አውሮፕላኑ ሲነሳ ቀሚሴ እዚህ ድረስ ርሶ ነበር። ልጅ ሄዷል፣ ወተት አልሰማም። ለሳምንት ትኩሳት ይዞኝ ማዳሜ ሳታየኝ ሽንት ቤት ገብቼ እያለብኩ እደፋው ነበር። እህትሽ እንደዚያ እንዳትሆን ነው። ቂም መሰለሽ?»

መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ የሚያስረዳ ሳይሆን የሚጠይቅ ጥያቄ። «ማዳምን በቀን ልመላለስ ብለሽ ጠይቀሻታል?»

«አብደሻል? እንደዚያ ካልኳት ልትጠፋ ነው ብላ ትጠረጥረኛለች። ሁሩብ፣ ጠፍታብኛለች፣ ብላ ብታመለክትብኝስ? ኸላስ፣ አበቃልኝ።»

«እንቢ ብትልስ ምን ይቀየራል? ልጅቷ እንደሆነ መሄዷ ነው።»

እህቴ ወደ እቴቴ አየች። እቴቴ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «አፍ ካልተከፈተ እንቢም እሺም አይሰማም። እኔ አልጠየቅኩም ነበር» አሉ።

እህቴ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁጥሩን የነካሁት እኔ ነኝ። ከሰላምታው በኋላ እህቴ በሰባበረ ዓረብኛ ተናገረች፦ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ልሥራ፣ ማታ ልጄ ጋ ልደር፤ ደሞዙ ይቀነስ።

ከማዳሟ ኋላ ልጆች ሲጣሉ ይሰማል።

«ልጄን እልካታለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«አሁን ደግሞ አልልክም አልሽ። ነገ ደግሞ አልመጣም ትያለሽ።»

«ወላሂ እመጣለሁ።»

«ሁሉም ወላሂ ይላል።» ከዚያ፣ ድምጿ ለስለስ ሳይል፣ «ታይብ። እስከ ረመዳን እንየው። ረመዳን ማታ ማታ ነው የምፈልግሽ፤ ያኔ እንነጋገራለን። አንድ ቀን ብታረፍጂ ግን አበቃ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እህቴ የተደሰተች አልመሰለችም። «ለምን እሺ አለች? የሆነ ነገር አስባለች» አለች። ባሏ ሲሰማም መጀመሪያ ያለው ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤዋለሁ።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት የነበሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። ማንቆርቆሪያው ለአብሽ ብቻ ሆነ። ልጅቷ ግን ጡጦ ለምዳለች፤ ጡቱን አፏ ውስጥ ሲያደርጉላት ዞር ትላለች፣ ትጮኻለች፣ በእግሯ ትገፋለች። እህቴ «አየሽ? ረሳችኝ» እያለች ታለቅሳለች። በተደጋጋሚ መሞከር እንደሚያስፈልግ፣ ሳትራብና ሳትቆጣ፣ ከእንቅልፏ ገና ስትነቃ መስጠት እንደሚሻል ነገርኳት፤ በአጭሩ፣ ሰሌዳ ሳያስፈልገኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ያዘች። እቴቴ በር ላይ ቆመው ነበር፤ በጣታቸው ዝም በሉ የሚል ምልክት አሳዩን፤ የሚናገር ሰው ባይኖርም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እቴቴ ይይዟታል፤ ከቀትር በኋላ እኔ። እህቴ ከመውጣቷ በፊት የምታልበውን ወተት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እቴቴ ይህንን አልለመዱትም። «የሰው ወተት ከእርጎ አጠገብ! አንድ ቀን ባልሽ ሻይ ያፈላበታል» ይሏታል። እህቴ በበኩሏ ውጭ ውላ ስትመጣ «ጡቴ ውስጥ የዋለ ወተት ነው፤ በፀሐይ ሞቋል» ብላ መጀመሪያውን ታልባ ትደፋለች። ወተት ጡት ውስጥ እንደማይበላሽ ነግሬያታለሁ። ትሰማለች፣ ትደፋለች፣ ከዚያ ታጠባለች። ማጥባቷን እያየሁ የተደፋውን አልከራከርም።

ያቺ ወደ አገር የምትገባው ሴትዮ ያለ ልጅቷ ሄደች። እናታችን በድምፅ መልእክት አልቅሳ ነበር፤ አልጋ አሰናድታ ትጠብቅ ኖሯል። እህቴ ያንን መልእክት ለልጅቷ አላሰማቻትም።

ረመዳን እየቀረበ ነው። ማዳሟ እስካሁን ምንም አላለችም፤ እህቴም አልጠየቀቻትም። ባለፈው ሳምንት ልብስ ስናጥፍ ኮፍያውን ለማን እንስጠው ብዬ ነበር። «ይቀመጥ፤ አይበላሽም» አለች። አልተከራከርኳትም። ግን ከሥራ ስመለስ፣ ልጅቷን ከእቴቴ ከመቀበሌ በፊት፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ከአባያው ሥር እጄን እሰዳለሁ። ኮፍያው እዚያው እንዳለ፣ የዋጋ ወረቀቱም እንዳልተነሳ በጣቴ እስክነካው ድረስ ጫማዬን አላወልቅም።